አንድ ወር ለቋንቋ፦ ከአጭር የውጭ አገር ቆይታዎች የትኛው ያዋጣል?

ቋንቋ ለመማር ለጥቂት ሳምንታት ውጭ አገር መሄድ የፈለገ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው አገር ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም በጊዜዬ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። አገሩን መረጥሁ፤ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በቡድን ሄድሁ፤ አንድ ወር ቆየሁ፤ ፎቶ በፎቶ ሆኜ ተመለስሁ። ከዚያ አንድ መምህሬ በዚያው ቋንቋ «እንዴት ነበር ታዲያ?» ብለው ሲጠይቁኝ ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በላይ መዝለቅ አቃተኝ። ወሩን ሙሉ ቁርስ ላይም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ ማታም የምናወራው በገዛ ቋንቋችን ነበራ።

ኋላ ላይ ሳነብ ነገሩ የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ባርባራ ፍሪድ፣ ኖርማን ሴጋሎዊትዝ እና ዳን ዴዊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ባወጡት ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፈረንሳይኛ የሚማሩ 28 ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው አነጻጽረዋል። የመጀመሪያዎቹ በአገራቸው በመደበኛ ክፍል የተማሩ ናቸው። ሁለተኞቹ ውጭ አገር ሄደው የተማሩ ናቸው። ሦስተኞቹ ደግሞ ከአገራቸው ሳይወጡ፣ ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በማይነገርበት የክረምት ፕሮግራም የሰነበቱ ናቸው። በንግግር ቅልጥፍና ከሁሉም በላይ የተራመዱት ሦስተኞቹ ሆኑ። በሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰዓት ፈረንሳይኛ የተናገሩትና የጻፉትም እነሱ ነበሩ። ውጭ የሄዱት ከክፍል ሲወጡ አብዝተው ይጠቀሙ የነበረው እንግሊዝኛን እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል።

28 ሰው ትንሽ ነው፤ የዓለምን ተማሪ ሁሉ አይወክልም። እኔን ግን ልክ ልኬን ነገረኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የምመዝናቸው በአንድ ሚዛን ነው፦ ፕሮግራሙ በቀን ስንት ሰዓት አፋችሁን በዚያ ቋንቋ እንድትከፍቱ ያስገድዳችኋል? ገንዘቡ፣ ክሬዲቱ፣ ቪዛው፣ አገሩም ጭምር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

በማስታወቂያ ላይ «በአንድ ወር አንድ ደረጃ ከፍ ይበሉ» የሚል ካያችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው የጋራ የቋንቋ ማዕቀፍ ችሎታን ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፍለዋል። የቋንቋ ፈተና የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ ለእንግሊዝኛ በሚሰጠው ግምት፣ ከዜሮ ተነስቶ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት፣ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት በመምህር የታገዘ ትምህርት ያስፈልጋል። ከቢ1 ወደ ቢ2 ለመሻገር ብቻ ወደ 200 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው።

አሁን «በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ» የሚለውን ኮርስ ተመልከቱ። አራት ሳምንት 80 ክፍለ ጊዜ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ስለሆነ 80ው ወደ 60 ሰዓት ይወርዳል። 60 ሰዓት ጥሩ ነገር ነው፤ ደረጃ ግን አይደለም። ቀሪው መምጣት ያለበት ከክፍል ውጭ ካለው ሕይወት ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶችን ስታወዳድሩም የክፍለ ጊዜውን ርዝመት ሳትጠይቁ ዋጋ አታወዳድሩ። አንዱ በ45 ደቂቃ፣ ሌላው በ60 ደቂቃ ሊቆጥር ይችላል፤ «20» የሚለው ቁጥር ግን ሁለቱም ጋ ያው ነው።

የቋንቋው ርቀትም አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው ስፓኒሽን በ30 ሳምንት ገደማ፣ ዐረብኛን፣ ጃፓንኛን፣ ኮሪያኛንና ማንዳሪንን ግን በ88 ሳምንት ያቅዳል። ለአማርኛ ተናጋሪ ዝርዝሩ እንዲህ ላይሆን ይችላል፤ ከአንድ ሥር ብዙ ቃል የሚያረባ ቋንቋ በአፉ ይዞ ስለሚሄድ የዐረብኛ ግስ እንግዳ አይሆንበትም። ያም ሆነ ይህ ሩቅ ቋንቋ ለጀመረ ሰው አንድ ወር ማለት ጆሮ ማስለመጃ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ላስፈራራ አይደለም። በአንድ ወር የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ድፍረት ነው፤ የምታውቁትን ቃል ሳትፈሩ ማውጣት። ለዚህም ነው ቢያንስ ኤ2፣ ቢቻል ቢ1 ላይ ሆናችሁ ሂዱ የምለው። ከፊደል የሚጀምር ሰው እዚያ ሄዶ የሚገዛው እቤቱ ሆኖ በርካሽ የሚያገኘውን ነው።

የቋንቋ ተቋም አጭር ኮርስ

ብዙ ሰው የሚያውቀው አማራጭ ይህ ነው። አሊያንስ ፍራንሴዝ ከ1883፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1951፣ ኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ ከ1991 ጀምሮ ቋንቋቸውን ያስተምራሉ። ከእነሱ ሌላ የግል ትምህርት ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ማዕከላት አሉ። ጥሩ ጎኑ ለመግባት ቀላል መሆኑ ነው፦ ትራንስክሪፕት አይጠየቅም፣ የደረጃ መመደቢያ ፈተና ወስዳችሁ ለእናንተ በሚመጥነው ክፍል ትቀመጣላችሁ፣ ሁለት ሳምንትም ስምንት ሳምንትም መማር ትችላላችሁ።

ድክመቱ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ቋንቋውን በአፍ መፍቻነት የሚናገረው መምህሩ ብቻ መሆኑ ነው። የቀሩት እንደናንተው የመጡ እንግዶች ናቸው፤ እረፍት ሲወጡ ሁሉም በየሚቀለው ይግባባል፤ የሚቀለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው።

የክፍሉን ብዛት በዋዛ አትለፉት። 12 ተማሪ ባለበት የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ግማሹን ጊዜ ቢናገር ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በስድስት ተማሪ ወደ አራት ደቂቃ ይጠጋል። ጥሩ መምህር ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያናግራቸዋልና ሒሳቡ ይሻሻላል፤ ያም ቢሆን «በአንድ ክፍል ቢበዛ ስንት ሰው ታስገባላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስከፍላል እንዴ? ትምህርት ቤቱ በማን እንደተመዘነም ጠይቁ። ለምሳሌ ለእንግሊዝኛ የብሪቲሽ ካውንስል የዕውቅና አሠራር አለ፤ ለሌሎች ቋንቋዎችም ጭምር ኢኳልስ የተባለው ማኅበር ትምህርት ቤቶችን ይመዝናል።

የዩኒቨርሲቲ ሰመር ስኩል

ሰመር ስኩል ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የሚሰጡት አጭር ትምህርት ነው፤ እዚህ የሚገኘው ተጨማሪ ነገር ክሬዲት ነው። በአውሮፓ የክሬዲት ማዛወሪያ ሥርዓት አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ይቆጠርለታል። እንግዲህ «ሦስት ሳምንት፣ 5 ክሬዲት» የሚል ፕሮግራም ከ125 እስከ 150 ሰዓት ሥራ አለብኝ እያለ ነው፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ። እውነት ከሆነ ከተማዋን ለመዞር ጊዜ የላችሁም። ካልሆነ ደግሞ ወይ ከመሄዳችሁ በፊት የሚነበብ ነገር አለ፣ ወይ ከተመለሳችሁ በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ይጠብቃችኋል። የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። ሰመር ስኩል ሁሉ የቋንቋ ትምህርት አይደለም። አገሩ ጣሊያን ሆኖ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ኢኮኖሚክስ ሊሆን ይችላል፤ ጣሊያንኛው ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት እንደ ማጣፈጫ ጣል ይደረግበታል። ይህ ክፉ አይደለም፤ ቋንቋ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ግን ያልፈለጋችሁትን እየገዛችሁ ነው። «የማስተማሪያ ቋንቋ» የሚለውን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ።

ክሬዲቱን በተመለከተ፣ አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ ማለት የእናንተው ተቀበለ ማለት አይደለም። ኢራስመስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም አሠራር ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ሦስቱም የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት ይዘጋጃል። በሌላ መንገድ የምትሄዱ ከሆነም ከትምህርት ክፍላችሁና ከሬጅስትራር «ይህ ኮርስ በዚህ ኮርስ ይተካል» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳትይዙ አትነሱ። በቃል የተነገረ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ገንዘብ ለሚያሳስበው፣ ስኮላርሺፕ በብዛት የሚገኘውም በዚህ በኩል ነው። የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (በተለምዶ ዳድ የሚባለው፣ በ1925 የተመሠረተ) በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሰጡ የክረምት የቋንቋ ኮርሶች ሲሰጥ የቆየው ስኮላርሺፕ አንዱ ምሳሌ ነው።

በመምህር የሚመራ የቡድን ጉዞ

የእኔው ጉዞ። ለወላጅ እንቅልፍ የሚሰጥ አማራጭ ነው፦ መምህራችሁ አብሮ አለ፣ ማረፊያው ተይዟል፣ ቢያማችሁ የሚወስዳችሁ ሰው አለ፣ ክሬዲቱም ከራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ጣጣ የለውም። ለቋንቋ ግን ከሁሉም ደካማው ይህ ነው። 20 ሰው አንድ ቋንቋ ይዞ ሲጓዝ አገሩን ይዞት ይሄዳል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በአሜሪካ የሚድልበሪ ኮሌጅ የክረምት ቋንቋ ትምህርት ቤቶቹን በ1915 በጀርመንኛ ጀምሮ እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። ተማሪዎቹ ሲገቡ የሚፈርሙት ቃል ኪዳን አለ፦ በቆይታቸው ከሚማሩት ቋንቋ በቀር አይናገሩም፤ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ምግብ ቤትም፣ መኝታ ቤትም። የቡድናችሁ መሪ ይህን ከተቀበለ፣ ቢያንስ ከጠዋት እስከ እራት እንኳ ቢሆን፣ ጉዞው ሌላ ጉዞ ይሆናል። እኛ በሦስተኛው ቀን ሞክረነው ነበር። እስከ ምሳ ቆየ።

ከፊል በኢንተርኔት፣ ከፊል በአካል

ኢራስመስ በ1987 ሲጀመር በ11 አገሮች መካከል 3,244 ተማሪዎችን አንቀሳቅሷል፤ ያኔ ልውውጥ ማለት ረጅም ቆይታ ነበር። አሁን ሴሚስተር ሙሉ መቅረት ለማይችሉ የተዘጋጀ አጭር መንገድ አለ፦ ቅይጥ ኢንቴንሲቭ ፕሮግራም። በአካል ያለው ክፍል ከ5 እስከ 30 ቀን ነው፤ በኢንተርኔት የሚሠራ የቡድን ሥራም ይያያዝበታል፤ ቢያንስ 3 ክሬዲት ያስገኛል። ለመግባት ዩኒቨርሲቲያችሁ ከአዘጋጆቹ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ቢሮ ነው።

እንደ ቋንቋ ትምህርት ብዙ አልጠብቅበትም። ከአምስት ስድስት አገር የተሰበሰበ ቡድን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛችሁን ማፍታታት ከሆነ ዓላማችሁ ግን ከውድ ኮርስ ሊበልጥ ይችላል፤ የሚሠራ ሥራና የሚደርስ ቀነ ገደብ ስላለ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

ታንደም፦ ቋንቋ በቋንቋ

ረጅሙን ቦታ ለዚህ የምሰጠው ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም ደግሞ በቀላሉ የሚበላሸው ስለሆነ ነው። ታንደም ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት ነው። አንተ የእኔን ቋንቋ ትማራለህ፣ እኔ ያንተን፤ ገንዘብ አይከፈልም። ዘዴው በአውሮፓ ሥር የሰደደው በፈረንሳይና በጀርመን ወጣቶች መካከል ነው። ሁለቱ አገሮች በ1963 የኤሊዜን ስምምነት ከፈረሙ በኋላ የጋራ የወጣቶች ቢሮ አቋቋሙ፤ ቢሮው ባዘጋጃቸው የቋንቋ ኮርሶች ወጣቶቹ አንዱ ለአንዱ መምህር ሆኑ። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ማዕከል ውስጥ የታንደም ምዝገባ አለ፤ በስልክም ታንደም፣ ሄሎቶክ የሚባሉ መተግበሪያዎች ጓደኛ ያገናኛሉ።

በወረቀት ላይ ሁለት ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ እኩል መስጠትና እኩል መቀበል፤ ለራስ ትምህርት ራስ ኃላፊ መሆን። በተግባር የሚያፈርሰው የደረጃ ልዩነት ነው። የእናንተ ጀርመንኛ ኤ2፣ የጓደኛችሁ እንግሊዝኛ ሲ1 ከሆነ፣ ውሃ ወደ ቁልቁለቱ እንደሚፈስ ወሬውም ወደሚቀለው ቋንቋ ይፈስሳል። ክፋት አይደለም፤ ሁለታችሁም መግባባት ስለምትፈልጉ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ፦ 30 ደቂቃ በአንዱ፣ 30 ደቂቃ በሌላው። ከባዱን መጀመሪያ አድርጉት፤ ከቀላሉ ከጀመራችሁ ወደ ከባዱ መመለስ የለም።

ሁለተኛው በሽታ «ዛሬ ስለ ምን እናውራ?» ነው። የመጀመሪያው ቀን መተዋወቅ ያልቃል፤ በሦስተኛው ቀን ዝምታ ይገባል። አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ አንድ ፎቶ፣ ያልገባችሁን አንድ አንቀጽ፣ ልትልኩት ያሰባችሁትን ኢሜይል። እርማትን በተመለከተ በየዓረፍተ ነገሩ የሚቋረጥ ሰው መናገር ያቆማል። ጓደኛችሁ ስሕተቱን በማስታወሻ ይያዝና መጨረሻ ላይ ሦስቱን ብቻ ይንገራችሁ። ሦስት ስሕተት ይታወሳል፤ 15 ስሕተት ያሳፍራል እንጂ አያስተምርም።

«እኔ ምን እሰጣለሁ?» ብሎ የሚጨነቅ አለ። አማርኛ የሚማር ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነ ግን አማርኛ የሚያናግረው ሰው እንደተጠማ ነው። በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በፓሪስ ኢናልኮ፣ በኔፕልስ ሎሪየንታሌ አማርኛ ካስተማሩ የአውሮፓ ተቋማት መካከል ናቸው። እንዲህ ላለ የትምህርት ክፍል በትሕትና የተጻፈ አጭር ኢሜይል፣ መተግበሪያ ላይ ከሚላክ ብዙ ሰላምታ የተሻለ ዕድል አለው ባይ ነኝ። ሌላው መንገድ ጎበዝ የሆናችሁበትን ሁለተኛ ቋንቋ መስጠት ነው፤ የአፍ መፍቻችሁ መሆን የለበትም።

በመተግበሪያ ያገኛችሁትን ሰው በአካል የምታገኙ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍት አካባቢ አድርጉት። አንዳንዱ ፍለጋው ቋንቋ አይደለም፤ ቶሎ ይታወቃል።

ታንደም ብቻውን ኮርስ አይተካም፤ ሰዋስው የሚያስረዳችሁ አታገኙም። የአፍ መፍቻ ተናጋሪ «እንዲህ አይባልም» ማለት ይችላል፤ «ለምን?» ሲባል ግን ትከሻውን ይነቀንቃል። ጠዋት ኮርስ፣ ማታ ታንደም የሚያጣምር ፕሮግራም ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ።

የት ታድራላችሁ?

ሰው ኮርሱን ለሳምንታት አወዳድሮ ማረፊያውን በአምስት ደቂቃ ይመርጣል። ነቅታችሁ ክፍል ውስጥ የምትሆኑት በቀን አራት ሰዓት፣ ከክፍል ውጭ 12 ሰዓት ነው!

አስተናጋጅ ቤተሰብ በመርህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። በመርህ ደረጃ የምለው ቤተሰብ ሁሉ ቤተሰብ ስላልሆነ ነው፦ ክፍል አከራይቶ ቁልፍ ሰጥቶ የሚጠፋም «አስተናጋጅ» ይባላል። ጥቅሙ በቤቱ ከማደር ሳይሆን ከሰዎቹ ጋር ጊዜ ከማሳለፍ ይመጣል። ስለዚህ ስትመዘገቡ «በሳምንት ስንት እራት አብረን እንበላለን?» እና «በዚያው ቤት ሌላ ተማሪ አለ ወይ? ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናንተኑ ቋንቋ የሚናገር ሌላ ተማሪ እዚያው ካለ ሌላ ቤት ጠይቁ፤ ክፉ ሰው አያሰኛችሁም።

ዶርም ርካሽና ለክፍል ቅርብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በክረምት የአገሩ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደው የውጭዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ከአገሩ ተማሪዎች ጋር በጋራ የሚኖርበት አፓርታማ ለቢ1 ሰው ግሩም ነው፤ ለኤ2 ሰው ግን ከባድ ነው፤ አምስት ወጣቶች በአንድ ጊዜ ሲያወሩ የሚያዘገይላችሁ የለም።

ቪዛና ወረቀት

ምርጫችሁን የሚያጠብበው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ቪዛ በማንኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ይፈቅዳል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ኮርስ የአገሩን የረጅም ጊዜ ቪዛ መጠየቅ ግድ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ክፍያው ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ብዙ ተማሪ የማያውቀው ግን የሸንገን የቪዛ ሕግ ለትምህርት የሚጓዙ ተማሪዎችንና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራንን ከዚህ ክፍያ ነፃ ያደርጋል። ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ብሪታንያ በጎብኚነት ገብቶ ዕውቅና ባለው ተቋም እስከ 6 ወር መማር ትፈቅዳለች። አሜሪካ ጠበቅ ትላለች፦ በጎብኚ ቪዛ ክሬዲት የሚያስገኝ ትምህርት አይፈቀድም፤ በሳምንት 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሆነ የቋንቋ ኮርስም የተማሪ ቪዛ ይፈልጋል።

ቪዛ እስኪያዝ ድረስ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። የትምህርት ቤቱንም ውል አንብቡ፦ ቪዛ ቢከለከል ስንቱ ይመለሳል? በስንት ቀን? ማስረጃው ምንድን ነው? «እናያለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ዋጋን እንዴት ላወዳድር?

የኮርስ ክፍያ ከኮርስ ክፍያ ጋር አታወዳድሩ። ትኬት፣ ማረፊያ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ፣ መጽሐፍ፣ ፈተና ሁሉንም ደምሩና በምትናገሩበት ሰዓት አካፍሉት። ለምሳሌ አንዱ ፕሮግራም በጠቅላላ 100 ይፈጅ፣ ሌላው 140። የመጀመሪያው ዶርምና ትልቅ ክፍል ስለሆነ በቀን ሁለት ሰዓት ያናግራችኋል፤ በ28 ቀን 56 ሰዓት። ሁለተኛው ትንሽ ክፍል፣ እራት አብሮ የሚበላ ቤተሰብና ታንደም ስላለው አምስት ሰዓት፤ በ28 ቀን 140 ሰዓት። ርካሹ በሰዓት 1.8 ገደማ ወጣበት፤ ውዱ 1። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግምቱን ለመሥራት የምትጠይቁት ጥያቄ ግን ፕሮግራሙን ገልጦ ያሳያችኋል።

ለማን የቱ?

ክሬዲት የግድ የሚያስፈልገው ሰመር ስኩል ይፈልግ። ፈተና የሚጠብቀው፣ ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ የቢ2 ሰርተፍኬት ማቅረብ ያለበት፣ የፈተና ዝግጅት ያለው የቋንቋ ተቋም ይሻለዋል፤ ታንደም ለድርሰት ክፍል አያደርስም። ውጭ ወጥቶ የማያውቅና ብቻውን መሄድ የከበደው በቡድን ይሂድ፤ ግን ማረፊያውን ከቡድኑ ለይቶ ቤተሰብ ጋ ለማድረግ ይሞክር። ገንዘብም ቪዛም የሌለው በታንደም ይጀምር፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት በሚማረው ቋንቋ ቢናገር በስድስት ወር ወደ 39 ሰዓት ይሆናል፤ እኔ በዚያ ወር ከተናገርሁት ይበልጣል። ዓይናፋር ሰው ደግሞ (ይህ የራሴ አድልዎ ነው) ትልቅ ከተማ አይምረጥ። በትልቅ ከተማ ሻጩም አስተናጋጁም ስትንተባተቡ ሲያይ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ በትንሽ ከተማ የሚዞርበት ላይኖረው ስለሚችል ይጠብቃችኋል።

ምርጫችሁ ወደ ሁለትና ሦስት ሲጠብብ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ኢሜይል ጻፉ። የክፍለ ጊዜውን ርዝመት፣ የክፍሉን ብዛት፣ የአስተናጋጁን ቤት፣ የገንዘብ ተመላሹን ጠይቁ። ኢሜይሉን ግን ልትማሩት በምትሄዱበት ቋንቋ ጻፉት፤ ስሕተት ቢኖረውም ግድ የለም። በዚያው ቋንቋ፣ ቀለል አድርጎ የመለሰላችሁን አንድ በኩል አስቀምጡ። ወዲያው በእንግሊዝኛ የመለሰውን ደግሞ እዚያ ስትደርሱ በቢሮውና በኮሪደሩ በምን ቋንቋ እንደሚያናግራችሁ ጠይቁት።